አቶ መቼ ይሻላል

ሥራዬ ሰውን ከአንበሳ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ደላላ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ቢሆንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደንበኛው በሩን ገፍቶ ይገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ፣ "ለሳፋሪ መቼ ይሻላል?" ይላል። ከሩቅ አገር የሚደውለውም፣ ጫጉላውን ሊያሳልፍ የሚመጣውም፣ ልጆቼን ዝሆን ላሳይ የሚለውም ጥያቄው ያው ነው። እኔም ሳልሰለች እመልሳለሁ። አንዳንዴ ግን መሀል ላይ ሳቅ ያመልጠኝና ደንበኛው በእሱ የሳቅኩ መስሎት ይኮሳተራል። በእሱ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ይችን አንዲት ጥያቄ ሙጭጭ ብሎ ይዞ ቤታችንን ያመሰ ሰውዬ ነበር፤ የምስቀው በእሱ ነው።

ያን ጊዜ በዚህ ጠረጴዛ የምትቀመጠው አክስቴ ነበረች። ቢሮው የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ አንዱ በር ወደ መንገድ፣ አንዱ በር ወደ ግቢ። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያነጣው የፓርኩ ካርታ አለ፤ ከጎኑ አባቴ ኮፍያውን የሚሰቅልበት የጎሽ ቀንድ። ከግቢው ሁልጊዜ የናፍጣ ሽታና የአባቴ እርግማን ይመጣል። አባቴ መኪናውን ይነዳል፣ ይጠግናል፣ ይራገማል፤ ሦስቱንም ባንድ ላይ የሚያደርግበት ቀን ብዙ ነበር። "ቢሮው የኔ፣ መኪናው የኔ፣ አፉ የእህቴ" ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። አባቴ ያናገረው ደንበኛ ይሄዳል፣ አይመለስም። አክስቴ ያናገረችው ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ይሮጣል።

እቴቴ ነበር የምላት። የአባቴ ታናሽ ብትሆንም የምትቆጣው እንደ ታላቅ ነው። ወፍራም ፍሬም ያለው መነጽር ታደርጋለች። ስልክ አንስታ ስታወራ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አዳምጣታለሁ። "በበጋው መጨረሻ ይምጡ። ሣሩ ያጥራል፣ ኩሬው ሁሉ ይደርቃል፣ ዝሆኑም ጎሹም ወንዝ ዳር ይሰበሰብልዎታል" ትላለች። ለሌላው ደግሞ፣ "እርስዎማ በመጀመሪያው ዝናብ ነው መምጣት ያለብዎት። የሜዳ አህያዋ ያን ጊዜ ነው የምትወልደው። ግልገል ካለ ደግሞ አንበሳ አይጠፋም።" ይህ ሁሉ ትንበያ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ትእዛዝ ነበር የሚመስለኝ። እቴቴ ዝሆን የምትሰበስብ፣ የሜዳ አህያ መቼ እንደምትወልድ የምትወስን፣ ካሉት ባለሥልጣኖች ሁሉ የምትበልጥ ሴት ነበረች። ይህን ትምህርት ቤት ተናግሬ ተመትቼበታለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ከእሷ የተማርኩት ትልቁ ነገር መጥፎ ወቅት የሚባል እንደሌለ ነው። በደረቁ ጊዜ አውሬው ከቅርብ ይታያል። በዝናቡ ጊዜ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ወፎቹ ያጌጣሉ፣ የሌላ ሰው መኪና መንገድ አይዘጋም። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ ዝሆን ቢቆም እንኳ የማይታይበት ጊዜ ላይ ደግሞ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ "እሱ እንኳ ለሚያውቅ ሰው ነው" ትላለች። ደንበኛውም የሚያውቅ ሰው መባል ይፈልግና እሺ ይላል። በዚህ ሁኔታ እቴቴ በየትኛውም ወር ባዶ መኪና ወደ ፓርክ ልካ አታውቅም።

ከዚህ ሕግ ውጭ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰውዬው ከመንገዱ ማዶ መነጽር ቤት ነበረው። በሩ ላይ ትልቅ ዓይን ተስሏል፤ ሽፋሽፍት የለውም። እኔ ዓይኑ እንደማይተኛ እርግጠኛ ስለነበርኩ በዚያ በኩል ሳልፍ እሮጣለሁ። ባለቤቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ከአፉ ከማውጣቱ በፊት እንደ ሌንስ ወልውሎ የሚያወጣ ዓይነት ሰው ነበር። በሳምንት አንዴ፣ ሱቁን ለምሳ ሲዘጋ፣ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዝና፣ "ጤና ይስጥልኝ። እንደው ለሳፋሪ መቼ ይሻላል ይላሉ?" ይላል።

"አሁን?" ትላለች እቴቴ፣ ደረቁ ወቅት ከሆነ። "አቧራው ያፍንዎታል። ሰዉም በዝቷል፤ ከአንበሳ ይልቅ የሰው መኪና ነው የሚያዩት።"

በመጀመሪያው ዝናብ፣ "አሁን እንኳ ይቅርብዎ፤ ዝንቡ አያስቀምጥም።" በትልቁ ዝናብ፣ "ጭቃው መኪና ይውጣል። ወንድሜን ባለፈው በስንት መከራ ነው ያወጣነው።" ሣሩ ሲረዝም፣ "ዝሆን አጠገብዎ ቆሞ ቢያስነጥስ እንኳ አያዩትም።"

"እንግዲያው ትንሽ ብቆይ ይሻል ይሆናል" ይላል ሰውዬው።

"ቢቆዩ ይሻላል።"

"በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ብዬ ልጠይቅዎታ።"

"ይጠይቁኝ።"

ኮፍያውን አድርጎ ይወጣል። ይኸው ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት እዚያው ወንበር ላይ ለተቀመጡ ባልና ሚስት "ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኙም" ብላ የማለችው አክስቴ፣ ለእሱ ሲሆን ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም።

እቴቴ ሰውዬውን ዓይኑን ማየት እንደማትፈልግ ለኔ ግልጽ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ። ጥላው በሩ ላይ ሲያርፍ መነጽሯን ቶሎ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች። ፊቱን ላለማየት ነው አልኩ። ያለ መነጽር ደግሞ እቴቴ ግድግዳና በር አትለይም። አንድ ቀን ካርታው ላይ ወንዙን አሳይዎታለሁ ብላ ጣቷን የጎሽ ቀንዱ ላይ አሳረፈች። ሰውዬው ትክ ብሎ ቀንዱን አየና፣ "ቆንጆ ወንዝ ነው" አለ። ሲወጣ ደግሞ ትነሳና መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ትቆማለች፤ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቁልፉን ፈልጎ፣ ሱቁ ውስጥ እስኪገባ አትንቀሳቀስም። ተመልሶ እንዳይመጣ እየጠበቀች ነው አልኩ። ስታሳዝነኝ!

ዛሬ እኔም መነጽር አደርጋለሁ። መነጽሬን አውልቄ ያናገርኳቸው ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ አንዳቸውንም አልጠላሁም።

አባቴ ነው "አቶ መቼ ይሻላል" ብሎ ስም ያወጣለት። ከመኪናው ሥር ሆኖ የሰውዬውን ድምፅ ሲሰማ፣ "መጣ ደግሞ! ይሄ ሰውዬ አንበሳ ሊያይ ነው ወይስ አንበሳ ሊያገባ? ይህን ያህል ምን ያስመክረዋል?" ይላል።

"ተወው እባክህ" ትላለች እናቴ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"ከገማ በየት በኩል ይሄዳል?"

እናቴ ትስቃለች እንጂ አትመልስለትም። እኔ በአባቴ ወገን ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ጎማ መጣ። ጎማ ነጋዴ ነው፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ በር ሳይገባ ድምፁ ቀድሞ የሚገባ ሰው። መኪናችን ደግሞ ጎማ ትበላለች፤ የፓርኩ እሾህና ድንጋይ አንዱን ሳንጠግን ሌላውን ይበሳዋል። እናቴ፣ "ለጎማ የሚያስበውን ያህል ለኔ የሚያስብልኝ ባል ቢኖረኝ ንግሥት ነበርኩ" ትል ነበር። ስለዚህ ጋሽ ጎማ እኛ ቤት መመላለስ ሲጀምር አባቴ ፊቱ በራ። ለኔም ብስኩት ያመጣልኛል። ከሁሉ በላይ ግን ከአሮጌ ጎማ ዥዋዥዌ ሠርቶ ግቢያችን ውስጥ ሊሰቅልልኝ ቃል ገባልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጋሽ ጎማ ነፍሴን እሰጥ ነበር።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"እህትህ ትልቅ ሰው ናት፤ መልሱ የራሷ ነው" አለ ጋሽ ጎማ። "አንተ ግን አንድ ቃል ጣል ብታደርግልኝ።"

"አንድ ቃል ብቻ?" አለ አባቴ። "ከፈለግህ እስክትሰለች እለፈልፍልሃለሁ።"

ለፈለፈም። ማታ ራት ላይ ምግቡን ትቶ የጋሽ ጎማን ሙያ ሲዘረዝር፣ እቴቴ አንገቷን ደፍታ ትቆርሳለች። "ምን ይጎድለዋል?" አለ በመጨረሻ።

"ምንም አይጎድለውም።"

"ታዲያ?"

"ላስብበት።"

"አንቺም እንደዚያ ሰውዬ መቼ ይሻላል ማለት ልትጀምሪ ነው?"

እናቴ ከጠረጴዛው ሥር የአባቴን እግር ረገጠችው። በስህተት ነው የመሰለኝ። አባቴም በስህተት ስለመሰለው፣ "እግሬን!" ብሎ ጮኸ። እቴቴ ሳህኗን ይዛ ተነሳች፤ በሩ ላይ ደርሳ ሳትዞር፣ "እሁድ ማታ ይምጣ። መልሴን እነግረዋለሁ" አለች። አባቴ እሺ እንዳለች ቆጥሮት ያን ማታ እያፏጨ ነበር የተኛው።

እኔ ግን ውሃ ልጠጣ ወደ ኩሽና ስሄድ ሌላ ወሬ ላይ ደረስኩ። እናቴ ሳህን ታጥባለች፣ እቴቴ ታደርቃለች።

"ጎማው ጥሩ ሰው ነው" አለች እናቴ። "እሱን እሺ ካልሽ ግን መስኮት ጋ መቆሙን ትተዪዋለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ያኛው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዕድሜ ልክሽን ልትጠብቂው ነው?"

"አልጠብቅም። እሁድ ድረስ የሚለው ካለ ይበል። ካላለ ለጎማው እሺ እላለሁ፤ እኔም እኮ ደከመኝ።" ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ስለነበር ደነገጥኩ። እቴቴ ደክሟት አይቼ አላውቅም።

"ያኛው" የሚሉት ማንን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ከመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው አሮጌው ሬዲዮናችን መሰለኝ፤ እሱ አንድ ቃል ከተነፈሰ ከርሟል። ሊጠግነው ቃል የገባው የሰፈሩ ጎረምሳ እስከ እሁድ ካልጠገነው ጋሽ ጎማ አዲስ ሬዲዮ ይገዛልን ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ እቴቴ ጥርሷን ልትነቀል ሄደች። አባቴ በጠረጴዛዋ ተቀምጦ፣ በዘይት የጠቆረ ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ አቶ መቼ ይሻላል ገባ። አባቴን ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

"እህትዎ የሉም?"

"ጥርሷን ልትነቀል ሄዳለች። ምን ልርዳዎት?"

"ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ..."

"መቼ ይሻላል ሊሉኝ ነው አይደል?" አባቴ ተነሳ። "እኔ ልንገርዎት። ነገ! ነገ ይሻላል! ሣሩ አጥሯል፣ ኩሬው ደርቋል፣ አውሬው በሙሉ ወንዝ ዳር ተሰልፎ እርስዎን እየጠበቀ ነው። ሱቅዎ እሁድ ዝግ ነው፣ መኪናዬ ደህና ናት፣ ናፍጣ ሞልቻለሁ። ሌላ ምን ቀረ?"

"እህትዎ ግን አቧራው..."

"እህቴ ነገ ሌላ ጉዳይ አለባት። ማታ ጎማ ነጋዴው መልሷን ሊሰማ ይመጣል፤ ደግሞ እሺ ብላዋለች ማለት ይቻላል። በጊዜ ተመልሰን እኛም እንደሰታለን።"

ሰውዬው ተቀመጠ። እኛ ቢሮ ሲቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃ ጠየቀኝ፤ አመጣሁለት፤ ሳይጠጣው ያዘው። ሙቀቱ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የቀንዱን ወንዝ ሲያይ ቆይቶ፣ "ነገ ከተሻለ ነገ ይሁን" አለ በቀጭን ድምፅ።

አባቴ ሸኝቶት ሲመለስ በሩ ላይ እጁን እያፋተገ፣ "አንዴ ይየውና እንገላገል" አለኝ። እቴቴ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ጉንጯ አብጦ፣ ጥጥ ነክሳ ስለነበር ያለችው ነገር ለማናችንም አልገባንም፤ ጥሩ ነገር አለመሆኑ ግን ገባን። እናቴ ብቻ ረጋ ብላ፣ "ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ። ዓይኗ ንቁ ነው" አለችው ለአባቴ።

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አባቴ ከፊት፣ እኔና አቶ መቼ ይሻላል ከኋላ። ሰውዬው ለሠርግ የሚሄድ ይመስል ኮትና ከረባት አድርጓል፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ፓርኩ በር ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ሣሩ ቢጫ፣ አጭር፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ የቀረው አጥንቱ ነው። እቴቴ ለሰው ሁሉ የምትለው እውነት ነበር፤ ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይታያል።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዝሆኖቹ ነበሩ። እናቲቱ፣ ግልገሉ፣ አክስቶቹ፣ መላው ዘመድ አዝማድ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጭቃ ይረጫል። አባቴ ሞተሩን አጠፋ፤ "ይኸው!" አለ፣ እሱ ራሱ የወለዳቸው ይመስል። እኔ ሰውዬው ምን እንደሚል ልሰማ ዞርኩ። ዓይኑን ጨፍኗል። ዝም ብሎ መጨፈን አይደለም፣ ሳሙና እንደገባበት ልጅ ሽፋኑ እስኪጨማደድ ነው የጨፈነው። አፉን ግን በጨዋ ደንብ፣ "እህ... እህ..." እያለ ለአባቴ ይመልሳል።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ከፈተ። ሜዳው ባዶ ነው፤ ደረቅ ሣር ብቻ። ሣሩን ግን እንዴት አድርጎ አየው! አንገቱን አስግጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እያንዳንዱን ሰበዝ ሊገዛው እንደፈለገ ሰው። ቀጭኔዎች ሲመጡ ጨፈነ። ሲያልፉ ከፈተ። ጎሽ መጣ፣ ጨፈነ። ከርከሮ እንኳ ጅራቷን አቁማ ስትሮጥ ጨፈነ። ከርከሮ እኮ ናት! አባቴ ዓይኑ መንገድና አውሬ ላይ ስለሆነ ከኋላው የሚሠራውን ጉድ አያይም፤ እንደ ድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ፣ የሰውዬውን ዓይን ከአውሬው የበለጠ ስጠብቅ ዋልኩ።

ቀትር ላይ አንበሶቹ መጡ። ሙቀት ስለነበር የመኪናችንን ጥላ ፈልገው ነው የመጡት። አራት ነበሩ። አንዱ፣ ጎፈሬው የጠቆረው፣ በሰውዬው በኩል መጥቶ በሩን ተደገፈው፤ መኪናችን ትንሽ ዘመመች። መስታወቱ በጥቂቱ ክፍት ስለነበር ትንፋሹ ገባ፤ የከረመ ሥጋ ይሸታል። ሰውዬው ዓይኑ ጥፍንግ ብሏል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ መሰለኝ። በክርኔ ጎነተልኩት።

"ጋሼ፣ አንበሳ ነው! ይዩት!"

"ዝም በዪ፣ የኔ ልጅ" አለኝ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ናቅሁት። ዕድሜ ልኩን የሰው ዓይን ሲመረምር የኖረ ሰው፣ አንበሳ ትንፋሹን ሲሰጠው የራሱን ይጨፍናል? ጋሽ ጎማ ቢሆን ኖሮ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጎፈሬውን ያሸው ነበር አልኩ። አሁን ሳስበው ከንፈሩ የሚለማመደው ጸሎት አልነበረም። ማታ የሚናገራትን ውሸት ነው።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጋሽ ጎማ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አዲስ ጎማ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ሪባን ታስሮበታል። አባቴ ሰላምታውን ለአዲሱ ጎማ ይስጥ ለጋሽ ጎማ ግራ ገባው። እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማለች። እቴቴ በጠረጴዛዋ ናት፤ የጉንጯ እብጠት ጎድሏል። የአቶ መቼ ይሻላልን አቧራማ ጫማ ድምፅ ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ መሳቢያው ውስጥ ከተተች።

"እንዴት ነበር?" አለችው። ድምጿ እንደ ሌላ ጊዜዋ አልነበረም።

ሰውዬው ኮፍያውን ደረቱ ላይ ያዘ። ጋሽ ጎማን አየው፣ ሪባኑን አየው፣ እሷን አያት። "ምንም አላየሁም" አለ። "እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ወቅቱ አይደለም። እንግዲህ... ሌላ ጊዜ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ።"

"ምን?" አባቴ ጮኸ። "ምንም? ዓይኑን በጨው አጥቦ! አንበሳው በሩ ላይ ጋደም ሲል፣ ዝሆኑ..."

"አላየሁም" አለ ሰውዬው ጫማውን እያየ።

ደሜ ፈላ። የአባቴ ስም፣ የመኪናችን ስም፣ የአንበሶቹ ስም ሲጎድፍ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ደግሞ ጋሽ ጎማ ፊት ይህን ሰውዬ ድራሹን የማጠፋበት ጊዜ መጣልኝ።

"ውሸታም ነው!" አልኩ። "ዓይኑን ጨፍኖ ነው የዋለው! አይቼዋለሁ! ዝሆን ሲመጣ ይጨፍናል፣ ቀጭኔ ሲመጣ ይጨፍናል፣ ሣር ብቻ ሲሆን ይከፍታል። ከርከሮ እንኳ ፈርቷል! አንበሳውን ይዩት ስለው ዝም በዪ አለኝ!"

ጋሽ ጎማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አይ ወንድሜ! ከርከሮ?" አለ።

ሌላ ማንም አልሳቀም። እቴቴ ከወንበሯ ተነሳች።

"እውነቷን ነው?"

ሰውዬው ኮፍያውን ባንድ በኩል አዞረው፣ በሌላ በኩል መለሰው። "ሣሩን አይቻለሁ" አለ።

"ለምን ጨፈኑ?"

ጋሽ ጎማ ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመ። አባቴ አፉን ከፈተ፤ እናቴ አየችው፤ ዘጋው።

"ካየሁማ" አለ ሰውዬው በመጨረሻ፣ "ምን ብዬ እመጣለሁ?"

እቴቴ መሳቢያውን ሳበች። መነጽሯን አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ አደረገችው። ከዚያ አየችው። ከኮፍያው እስከ አቧራማው ጫማው፣ ያችን ጠማማ ከረባቱን ጭምር፣ ከዚህ በፊት ከቅርብ አይታው እንደማታውቅ ሁሉ አየችው። ደግሞም አይታው አታውቅም ነበር። እጇን ከጠረጴዛው ስታነሳ አየሁ፤ ልትመታው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ዝም ብለው ይምጡ" አለችው። "ሳይጠይቁ ይምጡ።"

ከሁላችን ቀድሞ የገባው ለጋሽ ጎማ ነው። ጥሩ ሰው ነበር፤ እናቴ አልተሳሳተችም። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ለእቴቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ "መልሴን ሰማሁ" አለ። ከዚያ ጎማውን አቁሞ እያንከባለለ ወጣ፤ ሪባኑ መሬት ለመሬት ተከተለው። አባቴ እስከ መንገዱ ሸኘው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የሚሸኘው ነጋዴውን ይሁን ጎማውን እስከ ዛሬ አልነገረንም። እኔ ደግሞ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስነፋረቅ እናቴ መጥታ እቅፍ አደረገችኝና፣ "ጎበዝ የኔ ልጅ!" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ተሳስቼ ነው፣ ተመስግኜ ነው፣ አልገባኝም። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ያወቅኩት፣ ሰውን ላጠፋበት ብዬ የወረወርኩት እውነት እንዲያ ያማረ ቦታ ላይ ወድቆልኝ እንደማያውቅ ነው።

አቶ መቼ ይሻላል ካገባት በኋላ ፓርኩን ረግጦት አያውቅም። ከአንበሳ አጠገብ ኖሮ አንበሳ ሳያይ አረጀ። እቴቴም ጠረጴዛዋን ለኔ ትታ ጡረታ ወጥታለች፤ ቢሆንም ሁለቱም ከምሳ በኋላ ቢሮ ይመጣሉ፣ ደንበኛ ካለ ይሳለቁበታል፣ ከሌለ በእኔ። ትናንት ዝናብ ስለነበር ማንም አልመጣም። እሱ ወንበሩን ወደኔ ጠጋ አደረገና፣ "እስቲ ያ በሩን የተደገፈው ምን ይመስል ነበር?" አለኝ።

ስንቴ ነግሬዋለሁ። ጎፈሬውን ነገርኩት፣ ጠባሳውን፣ ዝንቡ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደጨፈነ። ከዚያ ወንድሞቹን አመጣሁ፣ ከወንድሞቹ በስተጀርባ ሚስቶቹን፣ ከሚስቶቹ ሥር ግልገሎቹን። እሱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይሰማኛል።

"አንቺ ልጅ" አለች እቴቴ ከመስኮቱ ሥር፣ "አራት ነበሩ አላልሽም? ዛሬ እኮ መንጋ ሆኑ።"

"ተያት" አላት። "ይብዙ።"